ፍቅር እስከ መቃብርና የአንባቢዎቹ ሳቅ

ሳቅ ከሰው ባሕርይ ጋር የተፈጠረ ነው፤ ነገር ግን ምንጩ አንድ አይደለም። እናታችን ሣራ ሁለት ጊዜ ሳቀች፤ መጀመሪያ በድንኳኑ ደጃፍ ሆና ተስፋውን በሰማች ጊዜ ተጠራጥራ ሳቀች፤ ኋላም ልጅዋን በታቀፈች ጊዜ ደስ ብሏት ሳቀች። አፏ አንድ ነው፤ ልቧ ግን በሁለቱ ጊዜ አንድ አልነበረም። ስለዚህ በአንድ መጽሐፍ ሰዎች ሁሉ ሳቁ ቢባል ገና ምንም አልተነገረም፤ ማን እንደ ሳቀ፥ በማንስ እንደ ሳቀ ሊጠየቅ ይገባል።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚባለውን ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። መጽሐፉ ስሙ እንደሚናገረው በፍቅር ሄዶ በመቃብር የሚፈጸም ነው። በዛብህ የተባለው የቅኔ ተማሪና ሰብለ ወንጌል የተባለችው የባላባት ልጅ ሲዋደዱ፥ የዘር ኩራት በመካከላቸው ገብቶ ሁለቱንም ያጠፋቸዋል። ይሁን እንጂ ደራሲው ወደ ኀዘኑ የሚወስደውን መንገድ በሳቅ ሞልተውታል። የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ከዘራቸው ጋር የሚመዘን አማች አጥተው ልጃቸውን ያለ ባል ያስቀመጡ፥ ዘመን እንዳለፈ የማያውቁ ሰው ናቸው። ባላገሩ የሚጠየቀውን ሁሉ አልሰጥም ባለ ጊዜ፥ እንደ ቀድሞ ጀግኖች ጦር ሰብቀው ይዘምቱበታል፤ በዚያው በናቁት ባላገር እጅም ይማረካሉ። ይህን የሚያነብ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። እውነቱን ስለ ተናገረ እብድ የተባለው ጉዱ ካሣም አለ፤ የእርሱ ነገር ያስቃል፥ ስቀው ሳይጨርሱም ያሳፍራል።

በዚህም ምክንያት አንባቢዎች ተለያዩ። አንዳንዶቹ መጽሐፉን ስለ ፊታውራሪው ብለው ይወዱታል፤ ሌሎቹ የልቅሶ መጽሐፍ ነውና በዚህ መሳቅ በቀብር ላይ እንደ መሳቅ ነው ይላሉ፤ የቀሩትም ሽማግሌንና ካህንን መሣቂያ ያደርጋል ብለው ይቀየማሉ። እንዲህ ያለው ነገር በሌላም አገር ሆኗል። ሰርቫንቴስ የተባለው የስፔን ደራሲ የዶን ኪኾቴን ታሪክ የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1605 ባወጣ ጊዜ፥ የዘመኑ ሰዎች የማሣቂያ መጽሐፍ አድርገው አነበቡት፤ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የተነሡት የጀርመን ሊቃውንት ግን ለዚያው ለተሳቀበት ፈረሰኛ አዘኑለት። ጽሕፈቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንባቢው ነው።

በአርሲ ደጋ ደግሞ የአንባቢዎቹ መለያየት በምድሩ ውስጥ ሥር አለው። አርሲ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከተያዘ በኋላ ብዙው መሬት ለጦር ሰዎች፥ ለመኳንንትና ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ፤ ነባሩም ሰው በአባቱ ምድር ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ ተቋቁሞ የተሻለ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ። እርሻው ትርፍ እንደሚሰጥ ያዩ ባለመሬቶች ግን ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን አፈናቀሉ። ይህ ሁሉ የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው የሚለው አዋጅ በወጣ ጊዜ ነው። እንግዲህ መጽሐፉ ከአዋጁ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቀድሞ ሲታተም፥ ፊታውራሪ መሸሻ በጭላሎ ሥር የተረት ሰው አልነበሩም፤ ስማቸው ሌላ ይሁን እንጂ በየመንደሩ ይታወቁ ነበር።

በአሰላ ከተማ በአንድ ደብር የሰንበቴ ማኅበር፥ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ፥ የዚህ መጽሐፍ ነገር ተነሣ። ያነሡት ጡረታ የወጡ አንድ የትምህርት ቤት መምህር ናቸው፤ አባታቸው የአርሲ ኦሮሞ፥ በጭላሎ ግርጌ የሰው መሬት ያርሱ የነበሩ ናቸው። መጽሐፉን ከኪሳቸው አውጥተው የፊታውራሪውን መማረክ ቢያነቡ፥ ማኅበርተኛው ሁሉ ሳቀ። ያልሳቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ከጎጃም መጥተው በዚያ ደብር ብዙ ዘመን ቅኔ ያስተማሩ የኔታ ናቸው።

«የኔታ፥ ምነው? ነገሩ አላስደሰተዎትም?» አሉ መምህሩ።

«ልጄ፥ ኖኅ ጠጥቶ ዕርቃኑን በተኛ ጊዜ አንዱ ልጁ አይቶ ለወንድሞቹ አወራ፤ ሁለቱ ግን ፊታቸውን መልሰው አለበሱት። ይህ ደራሲ የቅኔ ቤት ልጅ ነው። የአባቶቹን ዕርቃን በአደባባይ ማውራት ይገባው ነበርን? መኰንኑንም ካህኑንም መሣቂያ አደረገ። በዛብህ እንደ እኔው አኩፋዳ አንጠልጥሎ የተማረ ልጅ ነው። እኔ ስለ እርሱ አልቅሻለሁ፤ እናንተ ግን ትስቃላችሁ።»

መምህሩ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «የኔታ፥ እኔም በመጀመሪያ ባነበብሁት ጊዜ አልሳቅሁም» አሉ። «አባቴ በዓል በደረሰ ቁጥር ማርና ቅቤ ተሸክሞ በባለመሬቱ ደጅ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ሲቆም፥ ከጎኑ የቆምሁት እኔ ነበርሁ። መሬቱ ለአራሹ ከሆነ በኋላ እንኳ የዚያን ሰው ስም ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ኋላ በ1970ዎቹ ወጋየሁ ንጋቱ ከመጻሕፍት ዓለም በተባለው ዝግጅት መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው፥ አባቴ አማርኛውን አጥርቶ አይሰማምና በኦሮምኛ እየመለስሁለት አብረን ሰማን። ፊታውራሪው በተማረኩ ጊዜ አባቴ ሳቀ፤ ከዕንባው ጋር ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። የኔታ፥ ይህን ሳቅ ኃጢአት ነው ይሉኛልን?»

የኔታ መልስ ሳይሰጡ፥ ካልሳቁት ሁለተኛው ሰው ተናገሩ። እኒህ ሽማግሌ የቀድሞ ባለመሬት ልጅ ናቸው። «እኔ ያንጊዜ ከሁላችሁ አብልጬ ስቄ ነበር» አሉ። «አባቴ ባላምባራስ ነበር። ሬዲዮውን ከሰማሁ በኋላ የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣ እያስመሰልሁ ልጆቼን በየማታው አስቅ ነበር። አንድ ማታ እናቴ ከጥግ ተቀምጣ ስትሰማ ቆይታ፥ ልጄ፥ የአባትህን ድምፅ እንዴት አልረሳኸውም? አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልሳቅሁም።»

ማኅበሩ ጸጥ አለ። ጠላ የሚቀዳውም ልጅ ማሰሮውን ይዞ ቆመ።

ነቢዩ ናታን በንጉሡ በዳዊት ፊት የሌላ ሰው ታሪክ አስመስሎ ስለ አንዲት በግ በተናገረ ጊዜ፥ ዳዊት በቁጣ ፈረደ፤ የፈረደው ግን በራሱ ላይ ነበር። ናታን በቀጥታ ገሥጾት ቢሆን፥ ንጉሥ ነውና ምክንያት ባላጣ ነበር፤ ታሪኩ ግን ሳይታወቀው እስከ ልቡ ገባ። ዳዊት በቁጣ የደረሰበት ስፍራ፥ የዚህ መጽሐፍ አንባቢ በሳቅ ይደርስበታል። ሰው በፊታውራሪው ሲስቅ በሌላ ሰው የሳቀ ይመስለዋል፤ ጥቂት ቆይቶ የአባቱን ድምፅ፥ አንዳንድ ጊዜም የራሱን ድምፅ ይሰማል። በዚህ ነገር ቤተ ክህነትም ከዳኝነቱ ውጪ አትሆንም፤ በአርሲ ጭሰኛው ከቆመባቸው ደጆች አንዱ የእርስዋ ነበርና።

የኔታ ያመጡት ምሳሌም ከባድ ነው፥ ሊናቅም አይገባም። በጭሰኛው አባት ሳቅና የአብነት ተማሪን አኩፋዳ አይቶ በሚያላግጥ ሰው ሳቅ መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ከውጭ ቆመው አልሳቁም። በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው፥ በደብረ ኤልያስና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው፤ የሳቁት በገዛ ቤታቸው ነው። ዕርቃኑን ቢገልጡም ገልጠው አልሄዱም፤ በመጨረሻ ለሁሉም አለቀሱለት። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ልብ ሲያዝን እርሱ ይስቃልና። የእኒህ ደራሲ ጥርስ ግን ከልባቸው አልተለየም። ስለዚህ መጽሐፉ በቅኔ ቤት ኅብር እንደሚባለው ነው፤ ቃሉ አንድ ሲሆን ምሥጢሩ ሁለት ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን የተወ ሰው አልፈታውም።

የዚያን ዕለት የሰንበቴው ጸሎት ደርሶ ሰው ሲነሣ፥ የባላምባራሱ ልጅ ከመምህሩ ጋር እስከ ደጀ ሰላሙ አብረው ወጡ። የኔታም ከኋላቸው ደርሰው መጽሐፉን ለሳምንት እንዲያውሷቸው መምህሩን ለመኑ። በሚቀጥለው ሰንበት ሲመልሱት፥ በገጾቹ መካከል ለምልክት የገቡ ሁለት የስንዴ አገዳዎች ሳይወጡ ቀርተው ተገኙ። አንደኛው ስለ በዛብህ የትምህርት ዘመን በሚናገረው ስፍራ ነበረ፤ ሁለተኛው ፊታውራሪ መሸሻ በሚማረኩበት። መምህሩ አይተው አገዳዎቹን በየቦታቸው ተዉአቸው፤ ስለ ሁለተኛውም የኔታን አልጠየቋቸውም።