ጉዛራ ላይ የሰማሁት

ወንድሜ ከጀርመን የለጠፈውን ፎቶ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ብስክሌቱ አጥር ተደግፎ ቆሟል፤ ከኋላው ኖይሽቫንሽታይን የሚባለው ነጭ ቤተ መንግሥት ይታያል። እኛ እዚህ ብስራተ ገብርኤል የአባታችንን አርባ አውጥተን ድንኳኑን ገና መመለሳችን ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱ ስላላለቀለት ለቀብር መምጣት እንዳልቻለ ይገባኛል። ሽርሽሩ ግን አልገባኝም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ከ«ደህና ነህ?» ያለፈ ቃል አላወራሁትም።

በጥር 2012 መጣ። «ሚጣ፣ ከባሕር ዳር ጎንደር በብስክሌት እንሂድ» አለኝ። እኔ ብስክሌት የተማርኩት በ2011 «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች ለመኪና መዘጋት ሲጀምሩ ነው፤ ያውም ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ሠፈር እየሳቀብኝ። ወደ 180 ኪሎ ሜትር መሆኑን ስሰማ እኔም ሳቅሁ። «ማን ያጣድፈናል? ሦስት ቀን እንውሰድ» አለ።

ባሕር ዳርን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ተማሪውም ሠራተኛውም፣ ሴቱም ወንዱም ብስክሌት ላይ ነው። በሰዓት የሚያከራየንን ልጅ ለሦስት ቀን ማሳመን ግን ፈተና ነበር። መታወቂያችንን ይዞ፣ አንድ ትርፍ ካላማዳሪያ ጨምሮ ሰጠን። ያቺ ካላማዳሪያ ሐሙሲት ሳንደርስ አስፈለገችን። ጎሚስታው ጎማዬን እየፈታ «መኪናችሁ የት ነው የተበላሸው?» አለን። መኪና እንደሌለን ስንነግረው ወንድሜን በትዝብት አየውና «እሷንም በዚህ ፀሐይ?» አለው።

የፎገራ ሜዳ ግን ለእንደኔ ዓይነቱ ጀማሪ የተሠራ ነው። ሩዙ ታጭዷል፣ ከብቱ ቃርሚያው ላይ ተሰማርቷል፤ በየመንገዱ ዳር ልጆች የሽምብራ እሸት ይሸጣሉ። አንድ እቅፍ ገዝተን እየፈለፈልን፣ እየቆምን፣ ወረታ ገብተን አደርን። በመኪና ስታልፉ ወረታ የሩዝ መፈልፈያና አቧራ ናት። በብስክሌት ስትገቡ ግን ሰው ሁሉ ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቃችኋል።

በማግስቱ ከአዲስ ዘመን በኋላ ዳገቱ መጣ። አብዛኛውን በእግሬ ነው የገፋሁት። ማምሻውን እንፍራንዝ አካባቢ ጉዛራ ደረስን። ከዋናው መንገድ ከፍ ብሎ፣ ጣናን ቁልቁል የሚያይ የአፄ ሠርፀ ድንግል ግንብ ነው። ከጎንደሩ የፋሲል ግንብ ይቀድማል። ወንድሜ ፎቶ የተነሣበት የጀርመኑ ቤተ መንግሥት እኮ ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው፤ ጉዛራ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ይበልጠዋል! ማርኬቲንግ ነው ሥራዬና፣ አንዱን ዓለም ሁሉ ሲያውቀው ሌላው አጠገቡ ፍየል ሲግጥበት ሳይ ያንገበግበኛል።

ይህንኑ እያወራሁለት ያን ፎቶ አነሣሁበት። አባባ አፈር ሳይለብስ ምን ሽርሽር አማረህ አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ፣ የግንቡን ድንጋይ እየዳበሰ፣ «የነገራችሁኝ ዕለት ሥራ ላይ ነበርኩ። የማለቅስበት ቤት አልነበረኝም፤ ክፍሉን የምጋራው ልጅ እንግዳ ነበረው። ከዚያ ወዲያ ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ብስክሌቴን ይዤ ወጣሁ። ከአንዱ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላው፣ ማንም ወደማያውቀኝ። ፎቶውን የለጠፍኩት እናታችን ደህና ነው እንድትል ነው» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ፀሐይዋ ጣና ላይ እስክትጠልቅ ተቀመጥን፤ ለአባታችን ያን ጊዜ አብረን አለቀስን።

ሦስተኛውን ቀን አላስረዝምባችሁም። ማክሰኝትን፣ አዘዞን አልፈን ጎንደር ገባን። የፋሲልን ግቢ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 መዝግቦታል፤ ብዙዎቻችሁም አይታችሁታል። እኔ ያን ቀን ያየሁት አልጋዬን ብቻ ነው።

ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ኮሮና ገባ፤ ኋላም ጦርነቱ። ዛሬ ያን መንገድ እንደዚያ እየቆሙ፣ እሸት እየበሉ ልሂድበት የሚባል አይደለም። ወንድሜ ግን እሑድ እሑድ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ብስክሌቴ ነው። ባለፈው እሑድ ካቴናዋ ዝጓል አልኩት። ዘይት ቀቢው፣ አለኝ።