ከደንገሉ ወዲህ

ጎንደር ከተማ ለሚኖር ሰው ጣና ሩቅ አይደለም። 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ተጉዞ፣ የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጎርጎራ ሲደርስ ሐይቁ ከፊቱ ይዘረጋል። እኔም የሥዕል መምህር እንደ መሆኔ መጠን ተማሪዎቼን ይዤ ወደዚያ መውረድ የዓመት ልማዴ ነው። ጠዋት የደብረ ሲና ማርያምን የግድግዳ ሥዕሎች እናያለን፤ ከቀትር በኋላ በውኃው ዳር ተቀምጠን ተፈጥሮን እንሥላለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የመስከረም ቀን፣ በዚሁ ልማድ ላይ ጥፋት ጨመርሁበት። በደንገሉ መካከል አንዲት እግረ ረጅም ወፍ ጎጆዋ ላይ ተቀምጣ አየሁ። ተማሪዎቼ ከቅርብ አይተው እንዲሥሏት ስለ ጓጓሁ፣ የሞተር ጀልባውን ነጂ «ትንሽ ጠጋ በል» አልሁት። ተጠጋ። አሁንም «ጠጋ በል» አልሁት። ወፏ ተነሥታ በረረች፤ ልጆቹም አጨበጨቡ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ቁራዎች ጎጆው ላይ ወረዱ።

በአጠገባችን የደንገል ታንኳ ይቀዝፉ የነበሩ አንድ አዛውንት ይህን ሁሉ አይተው ኖሯል። «መምህር፣» አሉኝ፣ «እኛ እንኳ ደንገል ስናጭድ የታቀፈችበትን እንተውላታለን። እርስዎ ለነዚህ ልጆች ምን እያስተማሩ ነው?» የምመልሰው አልነበረኝም።

ደንገል ለመዝናናት ለመጣ ሰው የሐይቁን ገጽ የሚጋርድ ሣር መስሎ ይታየዋል። ለወፍ ግን ቤት ነው፤ ለዓሣ ጫጩት መደበቂያ ነው፤ ጎርፍ ያመጣውን ደለልም ያዝ ያደርጋል። ጉማሬ ቀን በውኃ ውሎ ሌሊት ለግጦሽ የሚወጣው በዚሁ ዳርቻ በኩል ነው። የሰሜን አውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች በጋውን የሚያሳልፉትም በዚሁ ረግረግ ነው።

መዝናናትን መንቀፌ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «ገበታ ለሀገር» ጎርጎራን ከመረጣቸው ሥፍራዎች አንዷ ሲያደርጋት ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ፤ እንግዳ ሲመጣ የአካባቢው ወጣት ሥራ ያገኛልና። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበበት የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሐሳብም ሰውንና ተፈጥሮን አብሮ ማኖር እንጂ ሰውን ማባረር አይደለም።

ሚዛኑ ሲዘገይ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ግን ከስሜን ተራሮች መማር እንችላለን። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆነ። የዋልያ መመናመን፣ የእርሻና የልቅ ግጦሽ መስፋፋት፣ ፓርኩን ሰንጥቆ የሚያልፈው መንገድ ተደማምረው በ1989 ዓ.ም. ለአደጋ ከተጋለጡት ቅርሶች መዝገብ አስገቡት። እስኪወጣ 20 ዓመት ፈጀ። በመካከሉም የግጭ ነዋሪዎች የአባቶቻቸውን ቀዬ ለቀው ወደ ደባርቅ ወረዱ። ጥበቃው በጊዜው ቢጀመር ኖሮ፣ ዕዳው ሁሉ በገበሬው ትከሻ ላይ ባልወደቀ ነበር እላለሁ።

ስለዚህ በጎርጎራ የሚያስፈልገው ዛሬውኑ የሚደረግ ጥቂት ነገር ነው፦ የደንገሉን ቀበቶ ሳይነኩ መተው፤ ወፎች በሚታቀፉበት ወራት ሞተር ጀልባን ማራቅ፤ ጉማሬ በሚወጣበት በኩል ሌሊት መብራት ማጥፋት፤ መንገድ መሪነቱንም መክተቻውን ለሚያውቁት ለታንኳ ቀዛፊዎቹ መስጠት። እኛ ጎንደሬዎችም ከነገሩ ውጭ አይደለንም። በቀሃና በአንገረብ የምንጥለው ቆሻሻ በመገጭ በኩል ጣና ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ የተረጋገጠው እምቦጭም የሚፋፋው እንዲህ ባለው ቆሻሻና ከእርሻ በሚታጠብ ማዳበሪያ ነው።

አሁን ከተማሪዎቼ ጋር የምንሥለው ከኮረብታው ላይ ሆነን ነው። ባለፈው ጊዜ አንዲት ተማሪ ወረቀቷን አሳየችኝ፤ ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ደንገሉ ለምለም ነው፤ ወፏ ግን የነጥብ ያህል ሆናለች።

«መምህር፣ በጣም አሳነስኋት መሰለኝ።»

«አላሳነስሻትም፣» አልኋት፣ «ራቅ ብለን ስለ ተቀመጥን ነው።»