ለአማርኛ ፊልም አሪፍ ነው

ፊልም አይቶ የሚወጣን ሰው በር ላይ የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «እንዴት ነው?»። መልሱም ከሁለት አይበልጥም፤ «አሪፍ ነው» ወይም «ይደብራል»። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሳቀ፣ የተቆጣ፣ አጠገቡ ያለው ሰው እንዳያየው እንባውን በመዳፉ የጠረገ ሰው፣ ያን ሁሉ በአንዲት ቃል ጠቅልሎ ያስረክባችኋል። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ስለ አንድ አጭር ልቦለድ ስምንት ገጽ ጽፈው የሚያመጡ ተማሪዎች ነበሩኝ። እነዚያው ተማሪዎች ቅዳሜ ስላዩት ፊልም ሰኞ ሲጠየቁ «አሪፍ ነው መምህር» ብለው ያልፉ ነበር።

ታዲያ አንዲቷን ቃል ሰምቶ መሄድ ችኮላ ነው። «የቱ ጋ ነው አሪፍ የሆነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ነገር የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። እኔ ታክሲ ውስጥ፣ ሻይ ቤት፣ ጎረቤት ቡና ላይ ስለ ፊልም ሲወራ ጆሮዬን ጣል ማድረግ እወዳለሁ። ከብዙ ዓመት ጆሮ ጠቢነት በኋላ ተመልካቾቻችንን በአራት መድቤያቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ተራኪው ነው። አስተያየት ስትጠይቁት ፊልሙን ራሱን ያመጣላችኋል። «ከዚያ አክተሩ መጣ፣ ከዚያ ቦሱ ሽጉጥ አወጣ…» እያለ ፊልሙ ከፈጀው ጊዜ በላይ ይፈጃል። በእሱ አማርኛ «አክተር» ማለት ዋናው ጀግና ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢተውንም አክተር አይባልም። ክፉው ሰውዬ ደግሞ «ቦስ» ነው። ይህን መዝገበ ቃላት የሠሩልን የሰፈር ቪዲዮ ቤቶች ናቸው። እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ዋና ገጸ ባሕርይና ስለ ተጻራሪው ሳምንት ሙሉ የማስረዳውን እነሱ በሳንቲም ያስተምሩ ነበር።

ሁለተኛዋ አልቃሿ ናት። ለእሷ የፊልም ጥሩነት የሚለካው በሶፍት ነው። «ሁለት ሶፍት ጨረስኩ» ካለች ፊልሙ አልፏል ማለት ነው። አትሳቁባት፤ እናቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። «ማዘር ኢንዲያ»ን ሲያዩ ከሕንድኛው አንዲት ቃል አያውቁም። እናት የገዛ ልጇን በጥይት ስትመታ ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ሦስተኛው መካሪው ነው። «በጣም አስተማሪ ፊልም ነው» ይላል። ምን እንዳስተማረው ብትጠይቁት «ያው… ብዙ ነገር» ይላችኋል። በተለይ ካሜራና ማይክራፎን ከፊቱ ከተደቀነበት ይህችን ቃል ሳይናገር አይሄድም።

አራተኛው መርማሪው ነው፤ የኔ ተወዳጅ። የእሱ ቃል «ውሸት ነው!» የምትል ናት። ተኩሱ ውሸት ነው፤ ሐኪሙ መርፌ አያያዙ ውሸት ነው፤ ገበሬው ጅራፍ አያያዙ ውሸት ነው። እኛ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ረጃጅም ስም እየሰጠን የምናስተምረውን ሐቅ መሰልነት ይህ ሰው በዓይኑ ብቻ ይለካዋል።

አንድ ቀን ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ተቀምጠዋል። ከሲኒማ ቤት መውጣታቸው ነው። አንደኛዋ ጀመረች።

«እናቴ ትሙት፣ ጥፍሯን አይተሽልኛል? ከእንጀራ እናቷ ጋር በመከራ ትኖራለች፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሊጥ ታቦካለች ይሉናል። ያ ሊጥ የነካ ጥፍር ነው?»

«ስትተኛም እኮ ሊፕስቲኳን አልጠረገችም» አለች ጓደኛዋ።

«ደግሞ ሶፋው! የሚበሉት የላቸውም እየተባለ እንደዚያ ያለ ሶፋ ላይ ነው የሚራቡት?»

ታክሲው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በልቤ ለሁለቱም ማርክ እየሰጠሁ ነበር። ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ አልባሳት፣ አንዱም አልቀረም። ከዚያ ያቺ ስለ ጥፍሩ የተናገረችው ሴት ቦርሳዋን ዘጋችና ፍርዷን ሰጠች፤

«ግን ምን አለ መሰለሽ፣ ለአማርኛ ፊልም አሪፍ ነው።»

እኔን ያስቆመኝ ይህቺ «ለ» ናት። ሰዋስው አስተማሪ «መስተዋድድ» ብሎ ያልፋታል። እሷ ግን እንዲህ በዋዛ የምትታለፍ አይደለችም። «ለዕድሜው ጎበዝ ነው» ስንል ልጅ መሆኑን እየተናገርን ነው። «ለታማሚ በደንብ ይራመዳል» ስንል መታመሙን አልረሳንም። «ለአማርኛ ፊልም አሪፍ ነው» ስንልም እንዲሁ ነው፤ ማመስገናችን ነው፣ ግን ከበታች አስቀምጠን።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ «ለአማርኛ ልቦለድ ጥሩ ነው» ያለ ሰው ታውቃላችሁ? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሥራ አቁሞ ያዳመጠ ሰው ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ነበር የሚከራከረው፤ መጽሐፉን በምን ቋንቋ እንደተጻፈ አይቶ ማርክ አልጨመረለትም። ጥላሁን ገሠሠን ሰምቶ «ለአገር ውስጥ ዘፋኝ ምንም አይልም» የሚል ቢገኝ እብድ ነው የምንለው። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ቴአትር ያየ ሰውም ከአዳራሹ የሚወጣው ይቅርታ እያደረገለት አልነበረም። ታዲያ ፊልም ላይ ሲደርስ ይህቺ «ለ» ከየት መጣች?

እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ አመጣጡ ነው። ልቦለዱም ዘፈኑም ከኛው ተረትና ቅኔ፣ ከኛው ለቅሶና ሠርግ ተወልደው አደጉ። ሲኒማ ግን እንግዳ ነበር። የገባ ሰሞን ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የጠራው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዓይናችንን ያሠለጠኑት የአሜሪካ ካውቦይና የሕንድ ዘፋኝ ናቸው። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የታየው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከእሱ በኋላም የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በቪዲዮ ካሜራ የተሠሩ የአማርኛ ፊልሞች ሲኒማ ቤቱን የሞሉት በ1990ዎቹ ነው። እስከዚያ ድረስ መለኪያው በሰው እጅ ተሠርቶ አልቋል። የኛ ልጆች የመጡት በተሰቀለ ሚዛን ላይ ለመውጣት ነው። ተመልካቹም አዘነላቸው። «አይዞአችሁ፣ የኛ ልጆች» አለ። «ለ» የሐዘኔታ ልጅ ናት።

ይህን ሐሳቤን ፊልም ለሚሠራ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አጫወትኩት። ቅር አለው።

«መምህር፣ በዚህች በ‹ለ› እኮ ነው የምንኖረው» አለኝ። «ሕዝቡ ባያዝንልን ኖሮ ገና ድሮ ተዘግተን ነበር። ያ ሶፋ ለምን እዚያ እንዳለ ልንገርዎት? ቤቱ የፕሮዲዩሰሩ አክስት ቤት ነው። የተሰጠን ለሦስት ቀን ነው። ሶፋውን አውጡልን እንበላቸው? በአንደኛው ቀን መብራት ጠፋ፤ በሁለተኛው ቀን ጎረቤት ድንኳን ጣለ፣ ለቅሶ ሆነ። የቀረችን አንዲት ቀን ናት።»

ያየሁት ፊልም የእሱ አልነበረም፤ እሱ ግን ሲኒማውን ሁሉ ወክሎ ነበር የሚናገረው። እውነቱን ነው። ስለ ሶፋው አፌን አስያዘኝ።

«እሺ፣ ጥፍሩስ?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። «ጥፍሩ እንኳ ገንዘብ አይፈልግም ነበር» አለ።

እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሶፋው የድህነት ጥፋት ነው፤ ጥፍሩ የቸልተኝነት። ያቺ የታክሲ ተሳፋሪ ሁለቱንም በአንድ እይታ አይታቸዋለች። የፊልም ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ! «ለአማርኛ ፊልም» ስትል ግን ሁለቱንም በአንድ ምሕረት አጠበቻቸው። የ«ለ» ክፋቷ ይኸው ነው፤ ያጣውንና ያልተጋውን አትለይም። ያጣው ቢማር ጽድቅ ነው። ያልተጋው ሲማር ግን ከእሱ አጠገብ ሌሊቱን ሲለፋ ያደረው ሰው ተበደለ።

ገንዘብ ሁሉን እንደማይወስን ደግሞ ምስክር አለን። ኃይሌ ገሪማ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊሜትር ፊልም፣ በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ነው። አብዛኞቹ ተዋንያን በሙያቸው ተዋንያን አይደሉም፤ ገበሬዎች ናቸው። እዚያ ፊልም ውስጥ የማንንም ጥፍር መመርመር አያስፈልግም። እጁ አፈር ያውቃል፤ ድካሙ ድካም ነው።

በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ፣ በዓመቱ ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ የተሸለመው «ጤዛ» አዲስ አበባ በታየበት ሰሞን፣ ከአዳራሹ የወጣን ሰዎች ደረጃው ላይ ተጠራቅመን ቆምን። ጀርመን ተምሮ፣ ሐኪም ሆኖ፣ አካሉም መንፈሱም ጎድሎ ወደ እናቱ መንደር የተመለሰውን አንበርብርን ገና ከዓይናችን አላወጣነውም። ማንም «እንዴት ነው?» አላለም። ከዚያ አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው «ወንድሜም እንዲሁ ነበር የተመለሰው» አሉ። አጠገባቸው የቆመች ወጣት «ከየት አባቴ?» አለቻቸው። እሳቸውም ነገሯት። ከሞስኮ ነው። ሌላውም ቀጠለ፤ አጎቱ ከመንገድ ተወስደው ስላልተመለሱበት ሌሊት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመናል። «ለአማርኛ ፊልም» ያለ ሰው አልሰማሁም። እንዲያውም «አሪፍ ነው» ያለም አልሰማሁም። የተሰጠው አስተያየት «ወንድሜም እንዲሁ ነበር» የሚል ነው። በሃያ ምናምን ዓመት የማስተማር ዘመኔ ከዚህ የተሻለ ሒስ ያነበብኩ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ስለ አንዲት ፊደል ማብዛቴ የሚያስገርመው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ይህቺ «ለ» ከሲኒማ ቤት ወጥታ ከተማውን መዞር ከጀመረች ቆይታለች። «ለኛ አገር ሆስፒታል ጥሩ ነው» እንላለን። «ለመንግሥት ትምህርት ቤት አይከፋም» እንላለን። «ለሀበሻ ቀጠሮ አላረፈደም» ብለን አንድ ሰዓት ያስጠበቀንን ሰው እናመሰግናለን። በየቦታው የተበደርነው ሶፋና ያልቆረጥነው ጥፍር ተቀላቅለው ተቀምጠዋል። ለይቶ የሚናገር ግን ጠፍቷል።

ዛሬ ፊልሙም ስልክ ውስጥ ገብቷል። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲኒማ ቤቶችን ካዘጋ ወዲህ ከሰው ጋር ተሰልፎ፣ ከሰው ጋር ስቆ ከመውጣት ይልቅ ትራስ ተደግፎ ብቻውን የሚያየው በዝቷል። ስለዚህ ያቺ የታክሲ ክርክር ብርቅ እየሆነች ነው፤ ብትገኝ አክብሯት። ሰው ፊልም አይቶ ሲመጣ «እንዴት ነው?» ብላችሁ አታቁሙ፤ «የቱ ጋ?» በሉት። እሱም በበኩሉ ያየውን ይናገር። ሶፋውን ይቅር እንበለው፤ የአክስት ቤት ነው። ጥፍሩን ግን እንንገራቸው። ያ የቀድሞ ተማሪዬ በመጨረሻ ስንለያይ ያለኝ እንደዚያ ነው፤ «መምህር፣ ያቺን ሴትዮ ቢያገኟት ቁጥሯን ይቀበሉልኝ። ቀጣዩን ፊልም ሳልለቀው ላሳያት።»