በዴልፍት ያደረ መንገደኛ
ከሩቅ አገር በብስክሌት ተጉዞ፣ ፊቱ በነፋስ ተገርፎ፣ ጉልበቱ ዝሎ በሆላንድ ወደምትገኘው ወደ ዴልፍት ለሚገባ መንገደኛ፣ ከሆቴል ይልቅ የምህንድስና ተማሪዎች ቤት ማደር ታላቅ በረከት ነው ብዬ አምናለሁ። እራቱን ካበሉት በኋላ ዐይናቸው በብስክሌቱ ላይ ያርፋል፤ አንዱ ካቴናውን በጨርቅ ሲወለውል፣ ሌላዪቱ ቸርኬውን ቀስ አድርጋ እያሽከረከረች የላላውን ራጂ በጣቷ ትፈልጋለች። ይህ የብስክሌት ፍቅራቸው ፍሬ ያፈራ ነው፤ የዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአምስተርዳም ባልንጀሮቻቸው ጋር የሠሩት ቬሎኤክስ 3 የተባለ ብስክሌት፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2013 በአሜሪካ ኔቫዳ ምድረ በዳ፣ ያለ ሞተር፣ በሰው እግር ኃይል ብቻ፣ በሰዓት 133.78 ኪሎ ሜትር በርሯል። ምሥጢሩ ነጂውን አስተኝቶ የሚሸፍነው፣ ነፋሱን ያለ ሁከት የሚያሳልፈው ልሙጥ ቅርፊት ነው። እንግዳውም የነፋስን ጠባይ በገዛ ደረቱ ስለሚያውቀው ለጥያቄያቸው ብዙ ይመልሳል፤ ጭውውቱም እስከ መንፈቀ ሌሊት ይዘልቃል።