ከሥር ያለውን ማዳመጥ

ሴራሚክ በሴራሚክ ላይ ማንጠፍ ለእኔ ጉድን መሸፈን ነበር። ቤቱን የሚያድስ ሰው አሮጌውን ፈንቅሎ፣ አፈሩን አይቶ ይጀምር ባይ ነበርሁ። ይህን እምነቴን ያስፈተሸኝ ፀዳ ያለው የእናቴ ቤት ነው።

ፀዳ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲወጡ አዘዞን አለፍ ብላ ትገኛለች። ቤታችን የቆመው ዋልካ ላይ ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለ ወለልም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳሎኑን ሴራሚክ ያስነጠፈ ጊዜ የነበረውን ደስታ አስታውሳለሁ። ዓመታት ሲያልፉ ቀለሙ ደበዘዘ፣ አንዳንዱም ሲረገጥ ይንቋቋ ጀመር።

እኔ ይፈንቀል አልሁ። እናቴ ግን አስም አለባት። ሴራሚክና ሲሚንቶ በመዶሻ ሲፈለጥ የሚነሣው ብናኝ ሲሊካ ያለበት ስለሆነ ጤነኛ ሳንባም አይችለውም። ቤቷን ትታ ሌላ ቦታ ልትከርም ደግሞ አልፈለገችም። እንግዲህ ላዩ ላይ እናንጥፍ ማለት ነው። ከልቤ ሳልቀበለው ተስማማሁ።

ከአዘዞ የመጣው ሴራሚክ አንጣፊ በመጀመሪያው ቀን ሲሚንቶ አላቦካም። በርከክ ብሎ፣ በማንኪያው እጀታ እያንዳንዱን ሴራሚክ መሐሉንም ጥጉንም ያንኳኳ ጀመር። በደንብ የያዘው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ ከሥሩ የለቀቀው ባዶ ይጮኻል። በለቀቀው ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ሲጨርስ የሳሎኑ መሐል ንጹሕ ነበር፤ ምልክቱ ሁሉ በጓሮው ግድግዳ ሥር ተሰልፏል።

«እማማ፣ ይኼ ጥግ ለምንድን ነው እንዲህ የሆነው?» አላት።

«ልጄ፣ አሸንዳው ተቀዶ የጣራው ውሃ እዚያ ነው የሚወርድ። ክረምት በገባ ቁጥር ቀና ይላል» አለችው።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሙሉውን ወለል ፈንቅለን ብንሠራ እንኳ አሸንዳው ካልተጠገነ ያ ጥግ መልሶ ይነሣ ነበር። መጀመሪያ አሸንዳው ተጠገነ፣ የጓሮው ውሃም ከግድግዳው እንዲርቅ ቦይ ተቀደደለት። ከዚያ እናቴ ጎረቤት ስትውል ምልክት ያለባቸው ብቻ ውሃ እየተረጨባቸው ተነሡ፤ ሥራቸው ተጠቅጥቆ ተሞላ።

የቀረው ወለል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሲሚንቶ የሚይዘው በቀዳዳዎች ውስጥ ሰርጎ ነው፤ የሴራሚኩ አንጸባራቂ ሽፋን ግን ውሃ አያስገባም። ስለዚህ ሲሚንቶና አሸዋ ብቻ አቡክቶ እዚያ ላይ መለጠፍ ድካም ነው፤ ውሎ አድሮ ይለቃል። አንጣፊው ቅባቱን በሳሙና አስለቀቀ፣ እናቴ በሌለችበት ሽፋኑን በግራይንደር ጫረ፣ ከዚያም አሮጌ ሴራሚክ ላይ እንዲይዝ የተዘጋጀውን ማጣበቂያ በጥርሳም ማንኪያ ዘረጋ። የመጀመሪያውን አንጥፎ በጎማ መዶሻ ከመታው በኋላ መልሶ አነሣውና ጀርባውን አሳየኝ። ማጣበቂያው እስከ ማዕዘኑ ሞልቶታል። ባዶ ቦታ ቢኖር ኖሮ ዕቃ ሲወድቅበት የሚሰበረው በዚያ በኩል ነው። በግድግዳው ዙሪያ ደግሞ ወለሉ ሲላወስ እንዳይገፋ ክፍተት ተወና በዞኮሎ ሸፈነው።

ወለሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አለ። በሩ ከሥሩ ተቆረጠ። ወደ ማድ ቤት የሚወስደው ደፍ ላይ እናቴ እንዳትደናቀፍ ዘንበል ተደርጎ ተሠራ፤ ለአዛውንት እግር ያቺ ታህል ከፍታ ቀላል አይደለችም። መታጠቢያ ቤቱን አልነካነውም፤ ቢነጠፍበት ኖሮ ውሃ መውረጃው ዝቅ ብሎ ቀርቶ ውሃ ያቁር ነበር። ፎቅ ላይ ቢሆን ደግሞ ክብደቱም መታሰብ አለበት፤ አዲሱ ሴራሚክ ከነማጣበቂያው በካሬ ሜትር ከ20 ኪሎ በላይ ይጨምራል።

ከዚያ ወዲህ የጎንደሩን የፋሲል ግቢ በሌላ ዓይን ነው የማየው። ከ1600ዎቹ ጀምሮ በድንጋይና በኖራ የተገነባ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሲጠግኑት ሲሚንቶ ተጠቀሙ፤ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ያንን እያነሡ ኖራውን መመለስ ነበረባቸው። ሲሚንቶ ደካማ ሆኖ አይደለም። ኖራ እርጥበቱን ያስተነፍሳል፣ ሲሚንቶው ግን አፍኖ ያስቀረዋል፤ የታፈነው ውሃ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ድንጋይና ኖራ ይበላል። የሚጨመረው ነገር ጥንካሬ ብቻውን አይበቃም፤ ከነባሩ ጋር መስማማት አለበት። ይህን ሳውቅ ለመፈንቀል የነበረኝ ጉጉት በረደልኝ።

አንዲት ጎረቤታችን የእናቴን ሳሎን አይታ የእሷም በላዩ ላይ እንዲነጠፍላት ጠየቀች። አንጣፊው ሄዶ ሲያንኳኳው አብዛኛው ባዶ ጮኸ። ገንዘቧ እንዲተርፍ ብፈልግም እንዲፈነቀል መከርኋት፤ በበጋ፣ ከአሸንዳው ጀምራ።