ከአዞሪም እስከ ባሕሩ፦ የነታንያ ልጅነታችን

በቅርቡ ከኢትዮጵያ መጥታችሁ በነታንያ የሰፈራችሁ ቤተ ሰቦች፣ ስለዚህች ከተማ በየመሥሪያ ቤቱ ብዙ ይነገራችኋል፤ የትኛው ፎርም የት እንደሚሞላ፣ ኡልፓኑ በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ትሰማላችሁ። እኛ ግን በዘጠናዎቹ ዓመታት በአዞሪምና በሔፍጺባ ሰፈሮች ያደግን፣ ዛሬ ጠጉራችን መሸበት የጀመረ ልጆች ነንና በየትኛውም ፎርም ላይ ያልተጻፈውን ልናጫውታችሁ ወደድን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነታንያ የተቆረቆረችው በ1929 ነው። መጀመሪያ አሸዋና የብርቱካን ተክል ነበረች፤ ዛሬ ከ200,000 በላይ ሰው ይኖርባታል። ስሟን ያገኘችው ናታን ስትራውስ ከተባለ አሜሪካዊ አይሁዳዊ ነው። «ናታን» በዕብራይስጥ «ሰጠ» ማለት ሲሆን፣ «ነታንያ» ደግሞ «እግዚአብሔር ሰጠ» ማለት ነው። ስትራውስ በኒው ዮርክ ሜሲስ የተባለው ትልቅ መደብር ከባለቤቶቹ አንዱ ነበር። ከ1893 ጀምሮም በዚያው ከተማ ለድሃ ልጆች በሙቀት ከተሕዋስያን የጸዳ ወተት የሚታደልባቸውን ቤቶች ከፍቶ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት አትርፏል።

የሚገርመው፣ እናቶቻችንን በዚህች ከተማ መጀመሪያ ያስደነቃቸው ነገርም ወተት ነበር። ማኮሌት ገብተው ወተት ሲጠይቁ ባለ ሱቁ አንድ የሚንሸራተት የላስቲክ ከረጢት ሰጣቸው። ጥጉን በመቀስ ቆርጦ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ማቆም እንደሚያስፈልግ የነገራቸው ስላልነበረ፣ በየቤቱ የመጀመሪያው ከረጢት የጠጣው ጠረጴዛውን ነው። አንዲት ጎረቤታችን ወለሉን እየወለወሉ፣ «በአገራችን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባል ነበር፤ እዚህ ወተቷን አየን፣ ላሚቱን ግን የት እንደ ደበቋት እንጃ!» አሉ።

ለመሆኑ ሁላችንም በአንድ ሰፈር እንዴት ተገናኘን? ከእኛ ከፊሎቹ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ በሱዳን በኩል የመጣን ነን። ሌሎቻችን ደግሞ በግንቦት ወር 1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሕዝብ ሲጓጓዝ የደረስን ነን። በ1993 መንግሥት ከኢትዮጵያ ለመጡ ዓሊዎች ልዩ የቤት መግዣ ብድርና እርዳታ ፈቀደ። ያ ገንዘብ በባሕሩ ዳር ቤት አይገዛም ነበር፤ ከባሕሩ ራቅ ባሉት ሰፈሮች፣ በአሮጌዎቹ ፎቆች ግን ይበቃ ነበር። በዚያ ላይ «ዘመዴ ካለበት ካልሆነ አልገባም» የማይል አልነበረም። እንዲህ ሆነና በጎንደር በአንድ ሸንተረር ላይ ተበታትኖ ይኖር የነበረ ዘመድ፣ በነታንያ በአንድ ደረጃ ላይ ተደራረበ። ቀድሞ ከአጎት ቤት ለመድረስ ግማሽ ቀን በእግር ይኬድ ነበር፤ አሁን ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት መምታት በቂ ሆነ።

በዚያው ደረጃ ላይ ከሞሮኮ የመጡ ሽማግሌዎች፣ እንደ እኛው አዲስ የገቡ የሩሲያ ሰዎችም ነበሩ፤ ኋላ ደግሞ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በከተማዋ በረከቱ። እናቶቻችን ቡና ሲቆሉ ጭሱ በደረጃው ይወጣል። አንዲት የሩሲያ ጎረቤት በመጀመሪያው ቀን እሳት የተነሣ መስሏቸው ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዘው በሩን ደበደቡ። በሳምንቱ ጭሱ ሲሸታቸው የመጡት ግን ባዶ እጃቸውን ነው። በወሩ ሲኒያቸውን ይዘው መጡ። አቦሉን ጠጥተው ሊነሡ ሲሉ «ቶና ይቀራል»፣ ከቶናው በኋላ ደግሞ «በረካ ሳይጠጣ አይኬድም» ተባሉ። «በረካ» ሲባል ሴትዮዋ «ብራኻ!» ብለው ሳቁ፤ በዕብራይስጥ ምርቃት ማለት ነውና። እሳቸውም ሆኑ እናቶቻችን ዕብራይስጡን ገና እየተንተባተቡ፣ በዚያች በአንዲት ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ተግባቡ።

ቋንቋው ወላጆቻችንን አታሎ ነበር ማለት ይቻላል። ራስ «ሮሽ»፣ ስም «ሼም»፣ ቤት «ባይት» መሆኑን ሲሰሙ፣ አባት «አባ»፣ እናት «ኢማ» ሲባሉ፣ «ይኸማ የእኛው ነው፤ በሦስት ወር እንጨርሰዋለን» አሉ። ችግሩ የመጣው በትንንሾቹ ቃላት ነው። በጎንደር «ማ ነው?» ብንል ሰውን መጠየቃችን ነው፤ በዕብራይስጥ ግን «ማ» ማለት «ምን» ነው። አንድ ሽማግሌ መሥሪያ ቤት ገብተው ጉዳያቸውን በአማርኛ ሲያስረዱ፣ ጸሐፊዋ ግራ ገብቷት «ማ?» ትላለች። እሳቸውም ስማቸውን ከነአባታቸው ይነግሯታል። «ማ?» ትላለች እንደገና። አያታቸውን ይጨምራሉ። እንዲህ እየተባባሉ እስከ ሰባት ቤት ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የሚያውቅ ሰው ደረሰ።

አነጋገራችን ብቻ ሳይሆን አተነፋፈሳችንም ሰዉን አስጨንቋል። እኛ «አዎን» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። ነርሷ «መድኃኒቱን ወሰዱ?» ብላ ስትጠይቅ እናታችን እንደ ልማዳቸው ትንፋሻቸውን ሳቡ፤ ነርሷ «ምን ሆኑ? የት ጋ አመመዎት?» ብላ ወንበር አቀረበች። በትምህርት ቤት ደግሞ በአክብሮት አንገታችንን ስንደፋ «ስናገርህ ዐይኔን እያየህ ስማ» እንባል ነበር፤ በቤት ያየን እንደ ሆነ ደግሞ «አፍጣጭ!» እንባላለን። ስለዚህ ዐይናችን ጠዋትና ማታ ይታዘዝ የነበረው ለሁለት ጌታ ነው።

ስለ ባሕሩም እንንገራችሁ። ሄርጽል የተባለው ዋናው ጎዳና እስከ ነፃነት አደባባይ፣ ማለትም እስከ ኪካር ሀዓጽማኡት ይወስዳችኋል፤ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው፣ ከገደሉ ሥር ባሕር። ሲሮኒት በሚባለው ዳርቻ ሰው ወደ ባሕር የሚወርደው በአሳንሰር ነው ብንላችሁ አትመኑን፤ ሄዳችሁ እዩት። ሽማግሌዎቻችን ከዚያ በፊት የሚያውቁት ትልቅ ውኃ ጣና ነበር። አንድ አባት ከገደሉ አፋፍ ቆመው ብዙ ካዩ በኋላ «ወዲያኛው ዳር የት አለ?» ብለው ጠየቁ። አንዲት አያታችን ደግሞ ወርደው በእፍኛቸው ጨልፈው ቀመሱና «ይህን ሁሉ ጨው ማን ጨመረበት?» አሉ። አሞሌ ጨው ከአፋር ቆላ በግመልና በአህያ ተጭኖ ሲመጣ፣ እንደ ገንዘብም ሲመነዘር የኖረበት አገር ሰው ናቸውና ቀጥለው፣ «ይህ በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ባለጠጋ ነበርን» ብለው በሐዘን አዩት።

እስካሁን ያልነው ለሳቅ ነው። አሁን ደግሞ ሳቁ የሚያልቅበትን እናንሣ። ልጅ ቋንቋ ቶሎ ይይዛልና በስድስት ወር ውስጥ የየቤቱ አስተርጓሚ ልጅ ሆነ። የመብራት፣ የውኃ፣ የአርኖና ደብዳቤ ሁሉ የሚነበበው በአሥር ዓመት ልጅ አፍ ነው። በእኛው ደረጃ የሚኖር አንድ ልጅ በወላጆች ቀን አባቱን ይዞ ትምህርት ቤት ሄደ። መምህሯ «ልጁ ብልህ ነው፤ ግን አይቀመጥም፣ ጓደኞቹንም ያውካል» አለች። ልጁ ተረጎመ፦ «ብልህ ነው፤ አይቀመጥም፣ ማለት ሥራ ይወዳል፤ ጓደኞቹንም አይለይም።» አባትየው ደስ ብሏቸው ተነሥተው እጅ ነሡ፣ መረቁም። መምህሯ እንዲህ በልጁ ክስ የሚደሰት ወላጅ አይታ አታውቅም።

ሰፈሩ ሁሉ በዚህ ብዙ ዓመት ሳቀ። ሆኖም ይኸው ልጅ በሌላ ቀን ከእናቱ ጋር ሐኪም ዘንድ ገብቶ፣ ልጅ ስለ እናቱ ሊሰማ የማይገባውን ሰማ፤ ለእናቱም የነገራት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን በቤታቸው አልተነሣም። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚባለው ተረት በአገር ቤት ለማሾፍ ነበር፤ በሰፈራችን ግን የዕለት ኑሮ ሆነ። ደብዳቤውን የሚያነበው ልጅ ቤቱንም ያስተዳድር ጀመር፤ አባት የሚናገርበት ድምፅ ዝቅ አለ፤ ልጁም ስለ ዕዳ እያሰበ እንቅልፍ አጣ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ያሉት አባቶቻችን፣ ልጁን የሚሸከመው ነገር እንዳይከብደው ጭምር ነበር።

ስለዚህ እናንተ አዲስ የገባችሁ ወላጆች፣ ዛሬ እኛ ያልነበረን ነገር አላችሁ፤ ተጠቀሙበት። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ሆስፒታሎችና ኩፓት ሖሊሞች ዕብራይስጥ ለማያውቅ ታካሚ የትርጉም አገልግሎት እንዲያመቻቹ አዟል፤ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ለማለት አትፈሩ። በትምህርት ቤትም አማርኛ የሚያውቅ ሜጋሼር እንዳለ ጠይቁ። ኡልፓኑ ቢከብዳችሁም አትተዉት። ልጃችሁ ቢረዳችሁ መልካም ነው፤ የቤቱ ራስ ግን እናንተ ሁኑ።

ሁለተኛው ነገር አማርኛችሁ ነው። እኛ ያን ጊዜ በወላጆቻችንና በመሥሪያ ቤቱ መሃል ቆመን እንተረጉም ነበር። ዛሬ በዓል ሲሆን ልጆቻችንን ይዘን ወደ አያቶቻቸው እንሄዳለን። አያት በአማርኛ ይመርቃሉ፤ የልጅ ልጅ «ማ?» ብሎ ፊታችንን ያያል። ይኸው እንደገና በመሃል ቆመን እንተረጉማለን፤ ያውም በአንድ ቤት ውስጥ፣ በሥጋ ዘመዶች መሃል። ምርቃት ደግሞ ሲተረጎም ግማሹ በመንገድ ይቀራል። ልጆቻችሁ ዕብራይስጡን ከመንገድ ያገኙታል፤ አማርኛውን ግን ከእናንተ በቀር የሚሰጣቸው የለም።

በክረምቱ ወራት፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ከከተማዋ በስተ ደቡብ ባለው የተከለለ መሬት ኢሩስ ሀአርጋማን የሚባል ጥቁር ሐምራዊ አበባ ይፈካል፤ በእስራኤል የባሕር ጠረፍ እንጂ በሌላ አገር የማይበቅል ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እነሱ የአበባውን ስም በዕብራይስጥ ያስተምሯችሁ፤ እናንተም በመስከረም ሜዳውን ቢጫ ስለሚያደርገው ስለ አደይ አበባ በአማርኛ ንገሯቸው። አበባውን ግን አትቅጠፉ፤ ክልክል ነው።

ሰላም ሁኑ።