ያለፉኝ ስድሳ ቀናት

ይህን ነገር እስከ ባለፈው እሑድ ድረስ የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን፦ እኔ፣ እህቴና የንስሐ አባቴ። እናቴ የምታውቀው ግማሹን ነበር። አሜሪካ በመጣች በሦስተኛ ወሯ ሆስፒታል ስትተኛ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ያለው የአገሩ ኩባንያዎች ጨካኝ ስለሆኑ ይመስላት ነበር። እኔም እንደዚያ እንድታምን ተውኳት። ውሉ ለእሷ ሕመም እንደማይከፍል ግን ከመግዛቴ በፊት አንብቤዋለሁ።

ዜግነት ባገኘሁ በሁለተኛው ወር ነው ያመለከትኩላት። ፎርሙን፣ የገቢ ማስረጃውን፣ አስተዳድራታለሁ ብዬ የፈረምኩበትን ሰነድ፣ አዲስ አበባ ያደረገችውን የጤና ምርመራ፣ የኤምባሲውን ቀጠሮ፣ ሁሉንም በተራ በተራ አንድ ወረቀት ሳይጎድል ጨረስኩ። በፌብሩዋሪ 2019 ደለስ አየር ማረፊያ ስንቀበላት 67 ዓመቷ ነበር። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አዳራሽ ተከራይቼ ዘመድ ወዳጁን ጠራሁ። ለዚያ ድግስ ከ2,000 ዶላር በላይ አውጥቻለሁ። ለጤናዋ የገዛሁት የጉዞ ኢንሹራንስ ደግሞ በወር 70 ዶላር ገደማ ነበር፣ ለስድስት ወር።

ያን ኢንሹራንስ የመረጥኩት በአንድ ሌሊት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ዋጋቸውን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደርኩና ከላይ ያለውን ያዝኩ። ሁለት ዓይነት ውል እንዳለ አይቼ ነበር። አንደኛው ለአንድ የአልጋ ቀን ይህን ያህል፣ ለአንድ ምርመራ ይህን ያህል ብሎ ቁርጥ ገንዘብ ይከፍላል። ሆስፒታሉ አምስት እጥፍ ቢጠይቅ ቀሪው የታካሚው ዕዳ ነው። ሁለተኛው መጀመሪያ ከኪስ የሚወጣው ከወጣ በኋላ ከቢሉ አብዛኛውን ይሸፍናል። ዕድሜዋ ከ70 በታች ስለነበረም፣ የቆየ ሕመም በድንገት ቢነሳባት እስከ ተወሰነ መጠን ይከፍልላት ነበር። እኔ የመጀመሪያውን ገዛሁ። ከጉዞው በፊት የነበረ ሕመም አይሸፈንም የሚለውን መስመር አንብቤ አለፍኩት። የእናቴን የደም ግፊት ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ አሥር ዓመት ሙሉ በመንገደኛ ሻንጣ መድኃኒቷን ስልክላት ኖሬያለሁ።

በዚያው ሳምንት እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ “ግፊቷንም ይሸፍናል አይደል?” አለችኝ።

“ሁሉንም ይሸፍናል” አልኳት።

ዋሸኋት፤ እውነቱን የነገርኳት በኋላ ነው። ከሠራሁት ሁሉ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ መልስ ነው።

ሁለተኛው ጥፋቴ የቸልተኝነት ነው። ግሪን ካርድ ይዞ ለሚገባ አዛውንት ሜዲኬር የሚባለው የአዛውንቶች የመንግሥት ኢንሹራንስ ወዲያው አይገኝም። አሜሪካ ሠርቶ የማያውቅ ሰው 65 ዓመት ቢያልፈውም አምስት ተከታታይ ዓመት በነዋሪነት መቆየት አለበት። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ለተዘጋጀው ለሜዲኬይድም በ1996 የወጣው ሕግ ለብዙዎች የአምስት ዓመት ገደብ ጥሏል። የቀረው መንገድ ሰው ኦባማኬር የሚለው የኢንሹራንስ ገበያ ነው። በዚያ ገበያ የሚሸጥ ኢንሹራንስ ከ2014 ጀምሮ የቆየ ሕመም ያለበትን ሰው አልቀበልም ማለት፣ ወይም በሕመሙ ምክንያት ዋጋ መጨመር በሕግ ተከልክሏል። ከውጭ አገር መጥቶ ለሰፈረ ሰው የሚከፈተው በር ግን ለ60 ቀናት ብቻ ነው። ካለፈ እስከ ኖቬምበሩ ዓመታዊ ምዝገባ መጠበቅ ግድ ይላል፣ ሽፋኑም የሚጀምረው ጃንዋሪ ላይ ነው።

ይህንንም ነግረውኛል። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት፣ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ እህታችን እናቴ በገባች በሁለተኛው ሳምንት፣ “ቶሎ አስመዝግባት፣ ቀኑ ያልፍብሃል” ብላኝ ነበር። እሺ አልኳት። ኢንሹራንስማ አላት፣ ለምን በወር ሌላ ገንዘብ እጨምራለሁ ብዬ ተውኩት። ኤፕሪል ላይ 60ው ቀን ሞላ። የጉዞ ኢንሹራንሱ ኦገስት ላይ ሲያልቅ በሩ እንደገና ይከፈታል ብዬም አስቤ ነበር። አልተከፈተም፤ ሕጉ የጉዞ ኢንሹራንስን እንደ ሙሉ የጤና ሽፋን ስለማይቆጥረው ማለቁ አዲስ የመመዝገቢያ ጊዜ አያስገኝም።

ሜይ ውስጥ አንድ ሌሊት ራሷን ይዛ ስታቃስት ሰማኋት። ኢመርጀንሲ ወሰድኳት። ሐኪሞቹ ስለ ገንዘብ ሳያነሱ ነው የተቀበሏት፤ በ1986 የወጣው ሕግ ድንገተኛ ታካሚን መክፈል ቻለም አልቻለም መርምረው እንዲያረጋጉ ያስገድዳል። ሦስት ሌሊት ተኛች። ግፊቷ ወረደላት፣ ዳነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቢሉ በፖስታ መጣ፤ ሲደመር 31,000 ዶላር አለፈ። ኢንሹራንሱ በአንድ ገጽ ደብዳቤ የቆየ ሕመም ነው ብሎ መለሰ። ውሉ ውስጥ ያነበብኩት መስመር ነው ተመልሶ የመጣልኝ።

ያን ቀን ማታ ኩሽና ቆሜ ለእህቴ በስልክ፣ “በዚህ ገንዘብ ሱሉልታ ቤት ይሠራ ነበር” አልኩ። እናቴ ሳሎን ነበረች። የሰማች አልመሰለኝም።

ከዚያ በኋላ አሞኛል ብላ አታውቅም። “እማዬ ደህና ነሽ?” ስላት፣ “ምን እሆናለሁ ልጄ፣ ደህና ነኝ” ትለኛለች። ጁላይ ላይ ከሥራ ቀድሜ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ነጠላዋን አንጥፋ፣ ኪኒኗን በቢላ ለሁለት ለሁለት እየገመሰች በብልቃጥ ትከታለች። ስታየኝ ቢላዋን ነጠላው ሥር ደበቀችው። አንድ ወር ሙሉ ግማሽ ግማሽ ስትውጥ ከርማለች፣ ለእኔ አዝና። ያች ሴት አባቴ ከሞተ በኋላ ጉልት ነግዳ ያስተማረችኝ ናት።

መፍትሔ መፈለግ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ሁሉ ለችግረኛ ታካሚ የሚሰጠውን እርዳታ በጽሑፍ እንዲያወጣ በሕግ እንደሚገደድ ያወቅኩት ያኔ ነው። የመጀመሪያው ቢል ከወጣበት ቀን አንስቶ እስከ 240 ቀን ድረስ ማመልከት ይቻላል። አመለከትኩ፣ አብዛኛውን ሰረዙልን፣ ቀሪውን በሁለት ዓመት ከፍዬ ጨረስኩ። ከቤታችን 15 ደቂቃ ርቀት ላይ በገቢ ልክ የሚያስከፍል የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያም ነበር። በደጁ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። ኖቬምበር ሲደርስ አስመዘገብኳት፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ሽፋኗ ጀመረ። በ2024 አምስት ዓመቷን ስትሞላ ሜዲኬር ገባች።

የንስሐ አባቴ ለእሷ ሳትነግራት ንስሐህ አልሞላም ብለውኝ ነበር። ብዙ ዘገየሁ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡናው ሳይፈላ ነገርኳት። ውሉን ማንበቤን፣ ለእህቴ መዋሸቴን፣ 60ውን ቀን ማሳለፌን፣ ሁሉንም። ዝም ብላ ስትሰማኝ ቆየችና፣ “ደህነኛው በወር ስንት ይበልጥ ነበር?” አለችኝ።

“110 ዶላር” አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችኝም። ቡናውን ቀድታ ሰጠችኝ።

እናት ወይም አባት ለማምጣት ትኬት የቆረጣችሁ ወገኖቼ፦ የምትገዙት የጉዞ ኢንሹራንስ ለደም ግፊቱ፣ ለስኳሩ፣ ለልቡ ይከፍል እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ግሪን ካርድ ይዘው ለሚመጡት ደግሞ የኦባማኬር ድጎማ ሕግ በ2025 ተለውጧልና የዘንድሮውን ደንብ ከሚያውቅ ሰው አጣሩ። ስድሳው ቀን መቆጠር የሚጀምረው ከገቡበት ቀን ነው። አዳራሽ ከመከራየታችሁ በፊት ደውሉ።